የናኒ ሰው

ትርሲት የብረት መዝጊያውን ግማሽ ድረስ ስባ አውርዳ ነበር። ሰው ሁሉ ከፀሐይ እንዲገባ የሚያዘው የጥላ ጡሩንባ ሊነፋ ትንሽ ነው የቀረው። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ጥርቅም ጥርቅም ትልና ፀሐይ እስክትበርድ መንገድ ላይ ድመት እንኳን አይታይም። ከመዝጊያው ሥር መጀመሪያ ጫማ ታየ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሰደርያ፣ ከዚያ ጎንበስ ያለ ፊት።

«እንዴት ዋላችሁ? ኢንቲሳር እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ የልጅ ዕድገት ተማሪ ነኝ። ለአገልግሎት እዚህ ቤት ተመድቤ ነው።»

«ተሳስተሻል አቦ። እዚህ ቤት ልጅ የለም» አለች ትርሲት።

ይህን ስትል ናኒን በጎኗ ታቅፋለች። ናኒም ልክ ስትጠብቅ እንደነበረ ሁሉ አስነጠሰች።

ኢንቲሳር አልሳቀችም፤ አልተከራከረችም። ጫማዋን አውልቃ በመዝጊያው ሥር ሾለከችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ናኒን «ነይ» አላለቻትም፤ አላጨበጨበችላትም፤ አሻንጉሊት አላወጣችላትም። ዝም ብላ የራሷን የእግር ጣቶች ማየት ጀመረች። ናኒ ትንሽ ቆይታ ከትርሲት ጎን ተንሸራትታ ወረደችና የእንግዳዋን የእግር ጣቶች ለማየት ሄደች።

ትርሲት የጠላቻት እዚያው ነው። ሌላ ምክንያት አላስፈለጋትም።

ናኒ ሙሉ ስሟ ናርዶስ ነው። የትርሲት ታናሽ እህት ናት፤ የሰፈሩ ደግሞ ብቸኛ ልጅ። ሰው መውለድ ከተወ ቆይቷል፤ ለምን እንደተወም የሚጠይቅ የለም። ናኒ ስታለቅስ ጎረቤቱ መቀመጫ ዱካውን ይዞ ግድግዳው ሥር ይቀመጥና ያዳምጣል። ለቅሶው ሲያበቃ «ዛሬስ ቶሎ ተወችው» ተባብለው ቅር እያላቸው ይበተናሉ። መንገድ ስትሻገር ባጃጆች ሞተር ያጠፋሉ። ዳቦ ቤቱ ለእሷ ብሎ ጡጫ የምታክል ዳቦ ይጋግራል፤ ያልመጣች ቀን ሻጩ አይበላውም፣ አይሸጠውም፣ መስኮት ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

እንዲህ የሚወደድ ልጅ ግን ድሬ ላይ አይከርምም። ሦስት ዓመት ሲደፍን ደጋ ይወጣል። የቆላው ሙቀት ለትንሽ ልብ አይሆንም ተብሎ ጨርጨር ተራራ ላይ የልጆች ከተማ ተሠርቷል፤ አድጎ እስኪወርድ እዚያው ነው። ልጅ ብቻውን አይወጣም፤ አንድ ሰው ይዞ ይወጣል። አንድ ብቻ። ሰውየውን የሚመርጠው ቤተሰብ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለች መለያ ክፍል የሚሏት ክፍል ናት። ልጁ በጭንቀቱ ሰዓት ወደ ማን ይሮጣል? ያ የልጁ ሰው ነው። እናትም ትሁን፣ አያትም፣ ሞግዚትም፣ ለአገልግሎት የተመደበ ተማሪም ክፍሏ ግድ የላትም።

ትርሲት የናኒ ሰው እሷ መሆኗን ለአንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። ከስድስተኛ ክፍል የወጣችው ናኒ ስትወለድ ነው። እናታቸው ሶልያና ከጅቡቲ በረዶ የሚያመጡ ፉርጎዎች ጠባቂ ናት፤ ቤት የምትመጣው ባቡሩ ሲያመጣት ነው። አጥባ ያሳደገቻት፣ አጉርሳ ያሳደገቻት፣ ያስመለሰችውን በእጇ የተቀበለችው ትርሲት ናት። ናኒ ሲያማት አብራ ትታመማለች፤ ያውም አብልጣ። ናኒን ይዛ ደጋ ልትወጣ ልብሷን በሐሳቧ ካሰናዳች ቆይታለች። ሹራብ ለብሳ አታውቅም፤ ሹራብ ምን እንደሚመስል ከጎረቤታቸው ከእማማ ቤቲ ጠይቃ ተረድታለች።

አሁን ደግሞ ይቺ አረንጓዴ ሰደርያ መጣች።

«ምን ላግዝ?» አለች ኢንቲሳር በማግስቱ።

ትርሲት ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመ የናኒ ሽንት ጨርቅ የሞላበትን ቅርጫት አመጣችና እግሯ ሥር አራገፈችው።

«ይሄው የልጅ ዕድገት» አለቻት።

ትሸሻለች ብላ ነበር። ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበችና አንድ በአንድ አጠበችው። ስታጥብ ደግሞ ወደ አንጓዋ አምባር ጠጋ ብላ ቀስ እያለች ትናገራለች። ተማሪዎቹ ያዩትን ሁሉ በዚያ አምባር በኩል ለዩኒቨርሲቲው ይነግራሉ። ትርሲት ከበሩ ኋላ ሆና ጆሮዋን ቀሰረች።

«ናኒ ማንኪያ በግራ እጇ ያዘች። ናኒ ለጥላዋ እጅ ነሳች። ታላቅ እህት ዛሬም በሩን ዘግታብኛለች።»

«ታላቅ እህት ስም አላት!» ብላ ከውስጥ ጮኸች ትርሲት።

«ታላቅ እህት ስም እንዳላት ገለጸች» አለች ኢንቲሳር ለአምባሩ፣ ድምፅዋን እንኳን ሳትቀይር።

ትርሲት ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብላ ያዘችው። አንድ ቀን፣ «ናኒ ካልተዘፈነላት አትጎርስም። ያውም በር ላይ ተቁሞ፣ ጮክ ተብሎ ነው» አለቻት። ኢንቲሳር የምሳውን ሳህን ይዛ፣ በዚያ ንዳድ፣ በር ላይ ቆማ ዘፈነች። ድምፅዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይጮሃል። ጎረቤቱ የናኒ ለቅሶ መስሎት ዱካ ይዞ መጣ። ትርሲት ሆዷን ይዛ ስትንከተከት፣ ናኒ ተነሥታ መደነስ ጀመረች። እየደነሰች ጎረሰች። ሳህኑን ጨረሰችው። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ፤ በማግስቱም በሰዓቱ መጡ።

ይሄም ባልከፋ። የባሰው የስሙ ነገር ነው። ናኒ አፏን ስትፈታ «ኢንቲ» አለች። ጥርት አድርጋ፣ ፊደል ሳትዘል። ትርሲትን ምን ብላ ብትጠራት ጥሩ ነው? «አንቺ!» ብላ። ከእናቷም ከጎረቤቱም የሰማችው እሱን ነው፤ ሰው ሁሉ ትርሲትን የሚጠራት «አንቺ! ምጣዱ አረረ» «አንቺ! ውሃው ፈሰሰ» እያለ ነው። ስለዚህ ያቺ ጣት የምታክል ልጅ ሌላዋን በስሟ እያቆላመጠች፣ ያሳደገቻትን እህቷን እንደ ትራፊክ ፖሊስ «አንቺ!» እያለች ትጠራለች።

«ትርሲት በይ» ትላታለች ጥጉ ላይ አስቀምጣ። «ት፣ ር፣ ሲ፣ ት።»

«ኢንቲ» ትላለች ናኒ።

«ኢንቲሽን ጅብ ይብላት።»

እማማ ቤቲ ይህን ሁሉ ከመስኮታቸው ያያሉ። ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነው፣ በልጅነታቸው ስልክ ፊት ይጨፍሩ እንደነበር ዛሬም ያወራሉ።

«የኔ እናት፣ ቀንተሻል» አሏት አንድ ቀን።

«እኔ? በምኗ ነው የምቀናው? በሰደርያዋ?»

«እኔ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ልጅቷ በመጣች ቁጥር መጥረጊያ አንሥተሽ የተጠረገ ወለል ትጠርጊያለሽ።»

«ንጽሕና እወዳለሁ፣ እማማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ትርሲት መስኮቱን ዘጋችባቸው። እማማ ቤቲ ከውጭ ሲስቁ ይሰማታል።

እንግዲህ ተንኮሉን ያሰበችው ያን ቀን ነው። ክፍሏ የምታየው ልጁ ወደ ማን እንደሚሮጥ አይደል? ናኒ ከኢንቲሳር የምትደበቅ ከሆነስ? ኢንቲሳር በገባች ቁጥር ልጅቷ ብን ብላ ብትጠፋ፣ ያን ጊዜ አምባሩ ምን ይነገረዋል? እናታቸው ከጅቡቲ ያመጣችው ተምር ቤት ውስጥ ነበረ። ትርሲት አንድ እፍኝ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ልምምዱን ጀመረች።

«ናኒ፣ በር ሲከፈት መጋረጃው ኋላ ትገቢያለሽ። እሺ? ስምሽን ብትጠራሽም ዝም። አፍሽን ያዥ። እንደዚህ።»

ከዚያ ራሷ ወጣች። በሩን አንኳኳች፣ ከፈተች፣ የኢንቲሳርን ድምፅ አስመስላ «ናኒዬ?» አለች። ናኒ እየሳቀች ወጣች። ተምር የለም። እንደገና ወጣች፣ ገባች። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ገባት። በሩ ሲንቀሳቀስ ቱር ብላ መጋረጃው ኋላ ትገባለች፣ በሁለት እጇ አፏን ትይዛለች፣ ዓይኗ ብቻ ያበራል። ትርሲት ትቆማለች፣ ትጠራለች፣ ትቆያለች። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ተምሩ ትልቅ ይሆናል። ናኒ ተምር የማታገኘው ቀድማ ከወጣች ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከተጫወቱት ሁሉ የሚያስደስት ጨዋታ ነበር። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ነዋ! ትርሲት እንዲያውም የተንኮሉን ምክንያት አንዳንድ ቀን ትረሳዋለች። ጠዋት ጠዋት ወጥታ ትገባለች፣ ወጥታ ትገባለች፤ ከመጋረጃው ኋላ ያቺ የታፈነች ትንፋሽ ስትሰማ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቅልጥ ይልባታል።

ኢንቲሳር መጣች። ናኒ ተደበቀች። ትርሲት መጥረጊያዋን ይዛ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

«ናኒ?» አለች ኢንቲሳር። መልስ የለም። ልትፈልጋት አልዞረችም። እንደ ልማዷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ጣቶቿን ታይ ጀመር። ጊዜ ወሰደ። መጋረጃው ተነቃነቀ። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ናኒ በሙሉ ወጣችና ጭኗ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ትርሲት ይህን አይታ «ገና አልበሰለችም» አለች በልቧ። ትልልቅ ተምር ገዛች፤ ልምምዱን አበዛችው።

የናኒ ልደት ሲቃረብ ሶልያና ባቡሩ አምጥቷት ለአንድ ጀምበር ቤት መጣች። እጇ በረዶ ሲነካ ውሎ ነጭ ሆኗል። ናኒን ስታቅፋት ልጅቷ «ብርድ!» ብላ ሸሸቻት።

«እማ፣ አንቺም መለያ ክፍሏ ውስጥ ግቢ እንጂ» አለቻት ትርሲት።

ሶልያና እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጎጠቻቸው።

«አልገባም። እኔ ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ በመስታወት ውስጥ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ ይዛት ትውጣ። የሚያውቃት ሰው ይዟት ይውጣ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መለያ ክፍሏ የስሟን ያህል አይደለችም። ምንጣፍ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የጨርቅ አህያ፣ መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ። አንደኛው ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከኋላው ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያያቸውም። ቅዝቃዜው ግን ግሩም ነው። ትርሲት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዷ ላይ ፀጉር ሲቆም አየች።

ክፍሏን የሚመሩት ዶክተር ሚኪ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ቃላቸውን እንደ መድኃኒት እየቆነጠሩ ነው የሚሰጡት።

«ልጅቷ ከማታውቀው ሰው ጋር ትቀራለች። እናንተ በየተራ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ገብታችሁ ስሟን አንዴ ትጠራላችሁ፤ ከበሩ አትርቁም። የምትመጣው እሷ ናት። ማባበል የለም።»

«እሺ» አለች ትርሲት።

«አንድ ነገር ደግሞ። ልጅን ለዚህ ክፍል ያለማመደ ቤት ካለ ውጤቱ ለማንም አይሆንም። ልጅቷን የልጆች ከተማዋ የምትልከው ሰው ይዟት ይወጣል። ያለማመደ አለ?»

ትርሲት ያለማመደችው ለዚህ ክፍል እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። ቤት ውስጥ ነው፣ ለኢንቲሳር ነው፣ ጨዋታ ነው።

«የለም» አለች።

ኢንቲሳር ጣራውን አየች። «የለም» አለች እሷም።

መጀመሪያ ትርሲት ልጅቷን ከማታውቀው ሰው ጋር ትታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ናኒ ስታለቅስ ሰማች። እንዲህ ያለ ለቅሶ በቤታቸው ተሰምቶ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ቢሰማ ዱካውን ጥሎ ይነሣ ነበር። የትርሲት እጅ ሳታስበው ወደ በሩ እጀታ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ደስ አላት። አልቅሺ የኔ ቆንጆ፣ አልቅሺልኝ፣ ይስሙሽ አለች በልቧ። ግቢ የሚለው መብራት ሲበራ በሩን ከፍታ ገባች።

«ናኒ!»

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ናኒ አየቻት፤ ፊቷ በራ። እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ቱር ብላ ሮጠች። ወደ መጋረጃው። ቢጫው ጨርቅ ተወዛወዘና ጸጥ አለ። ከሥሩ ሁለት ትናንሽ እግሮች ይታያሉ።

ትርሲት በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የገባት ወዲያው ነው፤ ከእግሯ ጥፍር ጀምሮ ነው የገባት። ስንት ጊዜ ነው በበር የገባችው? ማን ነበረች የምትገባው? ኢንቲሳር ለወጉ ያህል ብቻ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ደግማ ደጋግማ የገባችው ግን እሷ ራሷ ናት። ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ አፏን ይዛ የምትችለውን ሁሉ እያደረገችላት ነው። እህቷን እያስደሰተቻት ነው።

ውጪ በይ፣ ውጪ፣ ተምሩ ይቅርብሽ አለች በልቧ። ቃል መጨመር ክልክል ነው። ትርሲት ቆማ የእግር ጣቶቹን አየች። ናኒ እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም፤ አንዲት ድምፅ፣ አንዲት ሳቅ የለም። ትልቁን ተምር የምታሰጥ ዝምታ ነበረች። ጊዜዋ አለቀ፤ መብራቱ ጠፋ።

ኢንቲሳር ተራዋ ሲደርስ ገባች። «ናኒ» አለች። በሩ ሥር ቁጭ አለች። ጣቶቿን አየች። ጊዜ ወሰደ። ከመጋረጃው አፍንጫ ወጣ።

ከመስታወቱ ኋላ ያሉት ሰዎች ያዩት ይህንን ነው።

«ልጅቷ ከእህቷ ትሸሻለች» አሉ ዶክተር ሚኪ በኋላ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ይከሰታል። የናኒ ሰው ኢንቲሳር ናት።»

ኮሪደሩ ላይ ናኒ ኢንቲሳር ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች። ለቅሶው አድክሟታል። ትርሲት ትይዩዋ ቆማ ግድግዳውን በተረከዟ ትመታለች።

«የተምር ፍሬ ከመጋረጃችሁ ኋላ ስለቅም ነው የከረምኩት» አለች ኢንቲሳር ቀስ ብላ። «ትተዪዋለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም? "ያለማመደ አለ?" ሲሉ ጣራ ጣራ የምታዪው ምን ፈልገሽ ነው?»

«ብነግራቸው ሁለታችንም አንሄድም። አንቺ ደግሞ ታሸንፊያለሽ ብዬ ነበር። ወላሂ።»

ኢንቲሳር የናኒን ጭንቅላት በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረችው። ናኒ በእንቅልፏ አንገቷ ሥር ውሽቅ አለች። እንዲህ የምትወሸቀው ትርሲት አንገት ሥር ብቻ ይመስላት ነበር።

«በየቀኑ እደውላለሁ» አለች ኢንቲሳር። «ጠዋትም ማታም አሳይሻለሁ። ስታድግ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ያሳደገችሽ እህትሽ ናት እላታለሁ። ጥርሷ ሲነቀል ቀድሜ ላንቺ ነው የማሳየው።»

ቅን ንግግር ነበር። ይኸው ነው የፈጃት። ብትፎክር፣ ብትስቅ፣ ትርሲት ትችለው ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር በዓይኗ መጣ፤ ናኒ ሹራብ ለብሳ፣ አንደበቷ ደጋ ደጋ ሲል፣ ከስልክ ውስጥ በትህትና «ደህና ነሽ ወይ?» ስትላት፣ ከኋላዋ ደግሞ ይቺ እጅ፣ ይቺው መዳፍ። ልትነግራት ነው። «ያሳደገችሽ ናት» ብላ ልትነግራት ነው። ለናኒ እንግዳ እንደማስተዋወቅ!

ትርሲት ዞራ የዶክተሩን ቢሮ ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«አለማምጃታለሁ» አለች።

ዶክተር ሚኪ መነጽራቸውን አወለቁ። መጋረጃውን፣ ተምሩን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ይህን ባትነግሪኝ ማንም አያውቅም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ነገርሽኝ ታዲያ?»

«እውነት ስለሆነ።»

«እውነቱ ጠዋትም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እህትሽ እንግዲህ ከማታውቀው ሰው ጋር ነው የምትወጣው። ይህንንስ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች ትርሲት። አላወቀችም። ያወቀችው ወደ ኮሪደሩ ስትመለስና ናኒ ነቅታ «አንቺ!» ብላ እጇን ስትዘረጋላት ነው።

ኢንቲሳር አልጮኸችባትም። ልጅቷን አቀበለቻትና አረንጓዴ ሰደርያዋን መፍታት ጀመረች፤ አገልግሎቷ ተሰርዟል፣ በሌላ ቤት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«እኔን ጥዪኝ፣ ግድ የለኝም» አለች ዚፑ ላይ አቀርቅራ። «እሷን ግን ሰው አሳጣሻት።»

ትርሲት ማታ ለእናታቸው ደውላ ነገረቻት። የባቡሩ ብረት ሲንቋቋ ይሰማል። ቁጣ ጠብቃ የነበረችው ትርሲት የሰማችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«የምትወስዳት ሴትዮ እጇ ይሞቃል?»

የልጆች ከተማዋ ሰው ወይዘሪት ማራማዊት ትባላለች። የደጋው ባቡር በሚነሣበት ጠዋት ጣቢያው ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ ጠበቀቻቸው፤ ጆሮዋ ላይ ረጃጅም ጉትቻ ይንጠለጠላል። እጇ ይሞቃል፤ ትርሲት ሰላም ስትላት ሆን ብላ አቆይታ ጨበጠቻት። ጎረቤቱ በሙሉ መጥቷል። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ያቺን ትንሽ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። እማማ ቤቲ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ይሄ በእርሳቸው ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንቲሳር መጣች። ያለ ሰደርያዋ ጠበብ ብላ የሆነች የሰፈር ልጅ ትመስላለች። ከትርሲት ጎን ቆመች፤ ሰላም አልተባባሉም። ሴትየዋ ናኒን ስትታቀፋት ሁለቱም አንገታቸውን እኩል አሰገጉ።

«አያያዟን አየሽ?» አለች ኢንቲሳር፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እንደ ሐብሐብ።»

«ክንዷ እኮ ተቆልምሟል።»

«ፈገግታዋስ? በዚህ ጠዋት ምን አስገልፍጧት ነው?»

«ሥልጠና ነው። እኛም ተምረነዋል፤ እኔ ስለማያምርብኝ ተውኩት።»

ትርሲት ዞር ብላ አየቻት። ያንን ፊት ታውቀዋለች። ስንት ወር በመስታወት ያየችው ፊት ነው፤ አፍንጫው ብቻ ነው የተለየው። ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ዋጠችው።

ናኒ ማልቀስ ጀመረች። ወይዘሪት ማራማዊት ባቡሩ ደረጃ ላይ ወጥታ እሽሩሩ አለቻት፣ አወዛወዘቻት፣ ለቅሶው ባሰ። ፈገግታዋ ጠፋ። ወደ ሁለቱ ዞረች፤ ድንገት ሲያዩአት ልጅ እግር ናት፣ ከኢንቲሳር ብዙም አትበልጥም።

«እባካችሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው» አለች። «ስትተኛ የምትወደው ነገር አለ?»

ኢንቲሳር መሬት መሬት አየች። ትርሲት መሬት መሬት አየች። ታውቃለች፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ይሄ ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ይሄን ከሰጡ በእጃቸው የሚቀር የለም። የባቡሩ በር ድምፅ አሰማ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ዳቦውን በመስኮት አቀበለ። ናኒ ከትንፋሽ እስክትነጠል ድረስ ትጮሃለች፤ ጣቢያው ላይ ካለው ሰው አንድም የተደሰተ የለም።

«ጆሮ ትይዛለች» አለች ትርሲት። ከአፏ ያመለጠ ይመስል ነበር። ጮክ ብላ ደገመችው። «የሰው ጆሮ ይዛ ነው የምትተኛው! ጫፉን!»

«የማንን?»

ትርሲት ምላሷ ላይ የነበረውን ዋጠችው።

«ያገኘችውን» አለች።

በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ውስጥ ሴትየዋ ተቀመጠች፣ ናኒን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁለቱ ልጃገረዶች መስኮቱን እየተከተሉ ትንሽ ተራመዱ፣ ከዚያ ትንሽ ሮጡ፣ መድረኩ አለቀባቸው።

«ጉትቻዋን አወለቀችው» አለች ኢንቲሳር፣ እያለከለከች።

«ታውልቀዋ» አለች ትርሲት።